የራሳችሁን የሞባይል ኦኤስ ልትሠሩ ነው? መጀመሪያ ደመወዙን ማን እንደሚከፍል ተነጋገሩ

ባህር ዳር ውስጥ ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች ሰብሰብ ሲሉ ይህ ሐሳብ መነሳቱ አይቀርም፤ ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ፖሊም ሂዱ ፔዳም ሂዱ ያው ነው። የራሳችንን የሞባይል ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኦኤስ፣ ስልኩን የሚያሠራውን ዋና ሶፍትዌር) እንሥራ! አማርኛው የተስተካከለ፣ ለጉግል መረጃ የማያቀብል፣ አሮጌ ስልክ ላይ የሚሠራ። ሐሳቡን አልጠላውም። ኮድ የሚጽፍም አይጠፋም። የሚጠፋው በሁለተኛው ዓመት ደመወዝ የሚከፍል ነው።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለ ፍላሽ አደራረግ፣ ማለትም ኦኤስን ስልክ ላይ ስለ መጫን አይደለም፤ እሱ በየቦታው ሞልቷል። ሦስት አራት ሰው ሆናችሁ፣ እዚሁ ከተማ ተቀምጣችሁ፣ አንድ አማራጭ ኦኤስ ይዛችሁ እንዴት ሳትዘጉ እንደምትቆዩ ነው የምጽፈው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለሁሉም ሰው የሚሆን ስልክ ለመሥራት አትነሱ። ለአንድ ሥራ የሚሆን ስልክ አዘጋጁና፣ ያንን ሥራ ለሚያሠራ በጀት ላለው መሥሪያ ቤት ሽጡት። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከባዶ አትጀምሩ

መነሻ የሚሆን ኮድ አለ። ፖስትማርኬት ኦኤስ የሚባለው በ2017 የተጀመረ ነው፤ አልፓይን ሊኑክስ ላይ የቆመ ሲሆን አንድ ስልክ 10 ዓመት እንዲያገለግል ነው ሐሳቡ። ኡቡንቱ ተችን የኡቡንቱ ሊኑክስ ባለቤት የሆነው ካኖኒካል ጀምሮት በ2017 ተወው፤ ከዚያ ዩቢፖርትስ የሚባሉት በጎ ፈቃደኞች አነሱት። ሊኒየጅ ኦኤስ ደግሞ ከአንድሮይድ ክፍት ኮድ የተሠራ ስለሆነ የአንድሮይድ አፖችን ያሠራል። እኔ በምነግራችሁ መንገድ ከሄዳችሁ የሚሆናችሁ ሊኒየጅ ነው። ሌሎቹ ያምራሉ፣ ግን ደንበኛው የለመደው አፕ አይከፍትባቸውም ወይም በብዙ ትግል ነው የሚከፍትባቸው።

አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ እወቁ። ጉግል አንድሮይድን ከኮዱ ለመገንባት 400 ጊጋባይት ባዶ ቦታና 64 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ይጠይቃል። በሞባይል ፓኬጅ አውርዳችሁ አትጨርሱትም። ወይ የዩኒቨርሲቲ መስመር ማታ ማታ መጠቀም ነው፣ ወይ ውጭ አገር ሰርቨር መከራየት። ሰርቨር ደግሞ በዶላር ነው። የሚከፍለው አሜሪካ ያለ የአንዳችሁ ወንድም ከሆነ እሱንም ወጪ ብላችሁ ጻፉት። ዛሬ «ችግር የለም፣ ይከፍልልናል» ብላችሁ ከሒሳብ ያወጣችሁት ነገር ነው ኋላ የሚያጣላችሁ።

አንድ ስልክ ብቻ ምረጡ

አንድ ሞዴል ብቻ። ሁለት እንኳን አይሁን። ካሜራው፣ ሞደሙ፣ የጣት አሻራው፣ የባትሪ አያያዙ፣ ሁሉም በየስልኩ ይለያያል፤ የሚያሠራቸውም ኮድ የቺፕ አምራቹ እጅ ውስጥ ያለ ዝግ ነገር ነው። ትናንሽ ቡድኖች ሁልጊዜ የሚንገዳገዱት እዚህ ላይ ነው፤ የስልክ ዝርዝራቸው እየረዘመ፣ ዝማኔው እየዘገየ ይሄዳል። ኡቡንቱ ተችን ተመልከቱ። የቆመበት ኡቡንቱ 16.04 መደበኛ ድጋፉ ያበቃው ሚያዝያ 2021 ነበር። ወደ 20.04 የተሻገረው የመጀመሪያ ዝማኔ የወጣው በመጋቢት 2023 ነው። ሰዎቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። ብዙ ስልክ፣ ጥቂት ሰው፣ ከዚያም ያነሰ ገንዘብ።

የትኛውን ስልክ? እጃችን ላይ ያለው ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ ነው፤ ሦስቱም የአንድ ኩባንያ የትራንሽን ምርቶች ናቸው፣ አዲስ አበባም ይገጣጠማሉ። እነሱ ላይ ቢሆን ደስ ይል ነበር። ነገር ግን የሊኒየጅን ዝርዝር ስታዩ በብዛት የምታገኙት ፒክስል፣ ዋንፕላስ፣ ሻውሚ፣ ሞቶሮላ፣ ሳምሰንግና ሶኒ ነው። ስለዚህ ሞባይል ቤቶችን ዙሩና ከነዚህ መካከል አንድ ዓይነት ዩዝድ ስልክ በብዛት ማን ሊያስመጣላችሁ እንደሚችል ጠይቁ። ናሙና ሁለት ማግኘት ቀላል ነው። ዋናው ነገር ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ሞዴል 50 ፍሬ ማግኘታችሁ ነው።

ስልኩን ሻጩ ፊት ፈትሹ። ሴቲንግ ግቡ፣ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ክፈቱ፣ ቢልድ ነምበር ላይ ሰባት ጊዜ ንኩ። ዴቨሎፐር ኦፕሽን ይከፈታል። እዚያ ውስጥ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የሚል ማብሪያ አለ፤ ሌላ ኦኤስ ለመጫን የስልኩ ቡትሎደር (ኦኤሱን የሚያስነሳው ክፍል) እንዲከፈት የሚፈቅደው እሱ ነው። ኢንተርኔት አገናኝታችሁም ደብዝዞ አልነካም ካለ ስልኩን መልሱለት። ለምሳሌ ቬራይዘን ከሚባለው የአሜሪካ ቴሌኮም የወጣ ፒክስል ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ከሌላው ፒክስል ምንም አይለይም፣ ዋጋውም ረከስ ስለሚል ያጓጓል። ሻጩ «እኛ ጋ ይከፈታል» ቢላችሁ እዚያው ከፍቶ ያሳያችሁ። ሻውሚ ከሆነ አምራቹ ራሱ የጥበቃ ጊዜ አለው፤ ሳምሰንግ ከሆነ አንዴ ከተከፈተ ኖክስ የሚሉት ጥበቃው ለዘለዓለም ይሰበራል። ጀርባው ከፍ ያለ፣ ባትሪው ያበጠ ስልክ ደግሞ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ፒክስል ከያዝን ተገላገልን አትበሉ ደግሞ። ሰኔ 2025 አንድሮይድ 16 ሲወጣ ጉግል እስከዚያ ይለቀው የነበረውን የፒክስል መሣሪያ ኮድ አብሮ አለቀቀም። እንደ ሊኒየጅና ግራፊን ኦኤስ ያሉት ቡድኖች ሥራ በዚያ ምክንያት ከበዳቸው። የእናንተ ዕቅድ የሌላ ሰው መልካም ፈቃድ ላይ እንደተንጠለጠለ አውቃችሁ ግቡ።

«ቴሌብር ይሠራል?»

ስልካችሁን ስታሳዩ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ሁለተኛው የንግድ ባንክ አፕ ነው። ሦስተኛው ቲክቶክ።

አንዳንድ አፖች ስልኩ የጉግል ይሁንታ ያለው መሆኑን ፕሌይ ኢንቴግሪቲ በሚባል አገልግሎት ይጠይቃሉ። ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ ያንን ፈተና ሊወድቅ ይችላል። ዛሬ የሠራ አፕ በሚቀጥለው ዝማኔ አልከፍትም ሊላችሁ ይችላል፣ እናንተም የምታደርጉት ነገር የለም። *127# እና *889# ያለ አፕ ይሠራሉ፣ እሱ ጥሩ ነው፤ ግን በዚያ ብቻ ሰው ስልኩን አይቀይርም።

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። ሞዚላ ፋየርፎክስ ኦኤስን ሲያወጣ ስም ነበረው፣ ገንዘብ ነበረው፣ ቴሌኮሞች አብረውት ነበሩ። በ2013 ስፔን ውስጥ የመጀመሪያው ስልክ ተሸጠ፤ በ2014 ህንድ ውስጥ ወደ 33 ዶላር የሚጠጋ ስልክ ወጣ። ሰው ግን ዋትስአፕ ፈለገ፤ አልነበረም። ታኅሣሥ 2015 ሞዚላ የስልክ ሽያጩን አቆመ። ከዚያው ኮድ የወጣው ካይ ኦኤስ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። ከአንድሮይድ ጋር መጋፋቱን ትቶ በቁልፍ ወደሚሠሩ ርካሽ ስልኮች ገባ። በ2018 ጉግል ራሱ 22 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰበት፣ ዋትስአፕም መጣለት። ኮዱ ያው ነበር እኮ። የተቀየረው ለማን ነው የምንሸጠው የሚለው ነገር ነው።

እንግዲህ የሰውን የግል ስልክ ለመተካት አትሞክሩ። ሰውየው የራሱን ቴክኖ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይቀጥል፣ ቴሌብሩንም እዚያው ይጠቀም። እናንተ የምትሰጡት የመሥሪያ ቤቱን ስልክ ነው። ያኔ ከላይ ያሉት ሦስት ጥያቄዎች አይመለከቷችሁም። እንዲያውም ቲክቶክ የለበትም ማለት ለአሠሪው ማስታወቂያ ይሆንላችኋል።

ገዢው ሐይቁ ዳር ነው

ጣና ዙሪያ ፎርም ይዞ የሚዞር ሰው ብዙ ነው። የእምቦጭን ስፋት የሚለካ አለ፣ የዓሣ ምርት የሚመዘግብ አለ፣ ገበሬ ቤት ለቤት የሚጠይቅ፣ የጤና መረጃ የሚሰበስብ አለ። የክልሉ ቢሮዎች ዋና መቀመጫቸው እዚሁ ነው፤ የምርምር ፕሮጀክቶችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶችም እንዲሁ። ብዙዎቹ ኦዲኬ ወይም ኮቦ የሚባሉትን ክፍት ኮድ የመረጃ መሰብሰቢያ አፖች ያውቃሉ።

ችግራቸውን ከአስተባባሪው አፍ ስሙ። ስልኩ በቪዲዮ ተሞልቶ ፎቶ አላነሳም ይላል። ባትሪው ቀትር ላይ ያልቃል። ሎኬሽኑ ጠፍቶ መረጃው ያለ ቦታ ይመጣል። ስልኩ ሲጠፋ የሰው መረጃ አብሮ ይጠፋል። የእናንተ ኦኤስ ይህንን ብቻ ይፍታ፦ ፎርሙ፣ ካሜራው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ እንደ ኦስማንድ፣ የግዕዝ ፊደል ኪቦርድ እንደ ኪማን፣ የተመሰጠረ ማከማቻ። ሌላ ምንም።

ከመሸጣችሁ በፊት ስልኩን ይዛችሁ በጀልባ ዘጌ ደርሳችሁ ተመለሱ። ቢሮ ውስጥ የማይታይ ነገር እዚያ ይታያል። ሐይቁ ላይ ፀሐዩ ሲያንጸባርቅ ፎርሙ ይነበባል? ደብዛዛ ግራጫ ጽሑፍ መርጣችሁ ከሆነ ያኔ ታዩታላችሁ። ጣት እርጥብ ሲሆን ስክሪኑ ያልተነካውን ይነካል፤ ስለዚህ «ሰርዝ» እና «ቀጥል» የሚሉትን ቁልፎች አጠገብ ለአጠገብ አታድርጓቸው። ጂፒኤሱን ደግሞ ዳታ አጥፍታችሁ ሞክሩት። ዳታ ሲኖር የሳተላይት መረጃውን ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ ወዲያው ቦታውን ያገኛል፤ ዳታ ከሌለ ግን ከሳተላይቱ ራሱ መስማት አለበት፣ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ከቆየ ደቂቃዎች ሊወስድበት ይችላል፣ ጀልባው እየሄደ ከሆነማ ይብሳል። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት መሬት ላይ ቆማችሁ ካርታውን ክፈቱት፣ መመሪያችሁ ላይም ይህንኑ ጻፉ። እንዲህ ያለች አንዲት መስመር ለአስተባባሪው ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ትናገራለች።

ዝማኔውም በሜሞሪ ካርድ ወይም በኬብል መጫን ይቻል። ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ለእናንተ አልነግራችሁም።

ሒሳቡን ጻፉት

ሦስት ሰው በወር 25,000 ብር ይከፈለው እንበል። በዓመት 900,000 ብር። ሰርቨር፣ መሞከሪያ ስልክ፣ ትራንስፖርት፣ ግብርና ሌላውን 300,000 እንበለው። ድምሩ 1,200,000 ብር። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፣ የራሳችሁን አስገቡ። 100 ስልክ ብቻ ካላችሁ ከእያንዳንዱ ስልክ በዓመት 12,000 ብር መቀበል ይኖርባችኋል። ማንም አይከፍልም፤ በዚያ ብር ሌላ ስልክ ይገዛል። 400 ስልክ ካላችሁ 3,000 ብር ይሆናል። ይህ ሊያነጋግር ይችላል። እንግዲህ የሚያኖራችሁ መጠን ያ ነው። እስኪደርስ ድረስ ሌላ ሥራ እየሠራችሁ ታሟሉታላችሁ፣ ወይም ሦስት ሰው መሆናችሁ ይቀርና ሁለት ትሆናላችሁ።

ክፍያውን ለስልኩ አንዴ ሳይሆን ለአገልግሎቱ በየዓመቱ አድርጉት። ስልክ ሸጦ መሄድ የነጋዴ ሥራ ነው፤ የእናንተ ወጪ በየወሩ የሚመጣ ስለሆነ ገቢውም ተመላላሽ መሆን አለበት።

ወረቀቱን አትናቁት። ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ሳይኖራችሁ ፕሮፎርማ ማስገባት አትችሉም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ ላይ ያልዋለ ገንዘብ እንዳይመለስ ሁሉም ግዢ ላይ ይሯሯጣል፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ «በጀት አልተለቀቀም» ነው መልሱ። ስለዚህ ማሳያችሁን ከሚያዝያ በፊት ጨርሳችሁ ቢሮውን አንኳኩ። ክፍያ ይዘገያል፤ የሦስት ወር ደመወዝ እጃችሁ ላይ ሳይኖር ትልቅ ውል አትፈርሙ።

የውጭ ፈንድ፣ መዋጮ፣ ባለሀብት

የውጭ ፈንድ ካላችሁኝ የምመክረው ኤንኤልኔት የሚባለውን የሆላንድ ፋውንዴሽን ነው። ለክፍት ኮድ ሥራ በጀማሪነት ከ5,000 እስከ 50,000 ዩሮ ይሰጣል፤ ፖስትማርኬት ኦኤስም ከእሱ ድጋፍ አግኝቷል። ማመልከቻው አጭር ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የሚለቀቀው የተስማማችሁበት ሥራ ተጠናቅቆ ሲታይ ነው፤ በፈንዱ ሥራ እጀምራለሁ የሚል ይቸገራል። «ኦኤስ እንሠራለን» ብላችሁ አትጻፉ። «የዚህን ስልክ ካሜራ በዋናው የሊኑክስ ከርነል (የኦኤሱ እምብርት) እናሠራለን» ዓይነት፣ ለሌላው ዓለምም የሚጠቅም ቁራጭ ሥራ አቅርቡ።

መዋጮ በትንሹ ይረዳል፣ ደመወዝ ግን አይሆንም። የአገር ውስጡን በቴሌብር ወይም በቻፓ መቀበል ይቻላል። የውጭውን በስማችሁ ተቀብሎ የሚያስተዳድር እንደ ኦፕን ሶርስ ኮሌክቲቭ ዓይነት ድርጅት ያስፈልጋችኋል።

ሃርድዌር ለመሥራት ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ካኖኒካል በ2013 ኡቡንቱ ኤጅ ለሚባል ስልክ 32 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ፤ ወደ 12.8 ሚሊዮን ብቻ ስለመጣ ስልኩ ቀረ፣ ገንዘቡም ተመለሰ። እሱ እንኳን ዕድለኛ ነው። የፊንላንዱ የስልክ ኩባንያ ዮላ በ2014 ለታብሌት 380,000 ዶላር ጠይቆ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰበሰበ። ድል ይመስላል። ከዚያ የስክሪን አቅርቦት ችግር መጣ፣ የሚጠበቀው ኢንቨስትመንት ዘገየ፣ በ2015 መጨረሻ ከሠራተኛው ብዙውን ለጊዜው አሰናበተ። ከከፈሉት ብዙዎቹ ታብሌቱን አላዩትም፤ ተመላሹም በክፍልፋይ የሚባል ነበር። የአሜሪካው ፒዩሪዝም ሊብረም 5 የሚባለውን ስልክ በ2017 አስቀድሞ ሸጠ፣ ለ2019 መጀመሪያ ቃል ገባ፤ ዓመታት የጠበቀ ገዢ አለ። ዮላን መለስ ብሎ ያቆመው ያላለቀ ሃርድዌር ሳይሆን ሶፍትዌሩ ነው፤ ሶኒ ስልክ ላይ የሚጫነውን ሴይልፊሽ የተባለ ኦኤሱን 49.90 ዩሮ ይሸጥ ነበር፣ የአንድሮይድ አፕ ማሠሪያውንም ለመኪና አምራቾች ያቀርብ ጀመር።

ዮላ ሌላም ትምህርት አለው። ትልቁ ደንበኛውና ባለድርሻው ሩሲያ ውስጥ ነበር፣ ሮስቴሌኮም። በ2022 ጦርነቱ ሲመጣ ያ ግንኙነት ሸክም ሆነ፤ በ2023 ንብረቱ በፍርድ ቤት በኩል የቀድሞ አመራሮቹ ወደመሠረቱት ኩባንያ ዞረ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት። ከገቢያችሁ ግማሹ ከአንድ ፕሮጀክት ከመጣ፣ ያ ፕሮጀክት የሚያበቃበትን ቀን ግድግዳ ላይ ለጥፉና ከዚያ በፊት ሁለተኛ ደንበኛ ፈልጉ። ፕሮጀክት ደግሞ ያበቃል፣ ስሙ ራሱ ፕሮጀክት ነው።

ስለ ባለሀብት አጭር ነገር ልበል። ከአንድሮይድ ክፍት ኮድ የራሱን ኦኤስ የሠራው ኩባንያ ሳያኖጅን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ነበር። ዋንፕላስ ላይ ተጭኖ ስም ካገኘ በኋላ ህንድ ውስጥ ለሌላ አምራች ብቸኛ መብት ሰጠና ከዋንፕላስ ጋር ተጣላ። በ2016 መጨረሻ አገልግሎቱን ዘጋ። ብዙ ገንዘብ ብዙ ችኮላ ይዞ ይመጣል።

ስሙና ቁልፉ

ሳያኖጅን ሲዘጋ ስሙ የኩባንያው ስለነበር በጎ ፈቃደኞቹ ያንኑ ኮድ ይዘው ሊኒየጅ ተብለው እንደ አዲስ ለመጀመር ተገደዱ። ኮፐርሄድ ኦኤስ በሚባል ሌላ ከአንድሮይድ የተሠራ ኦኤስ ላይ በ2018 የባሰ መጣ። ዋናው ገንቢና የኩባንያው ኃላፊ ተጣሉ፤ ዝማኔ የሚፈረምበትን ዲጂታል ቁልፍ ገንቢው አጠፋው። ያ ቁልፍ ከሌለ የተሸጠ ስልክ ዝማኔ አይቀበልም። የገንቢው ሥራ ግራፊን ኦኤስ ሆኖ ቀጠለ።

ጓደኛሞች ናችሁ፣ ገባኝ። ቢሆንም ብር ከመግባቱ በፊት ቁጭ ብላችሁ ጻፉ። ስሙ የማን ነው፣ የድረ ገጹ አድራሻ በማን ስም ተመዝግቧል፣ አንዱ ዲቪ ደርሶት ቢሄድ ድርሻው ምን ይሆናል። የፊርማ ቁልፉን ሁለት ቦታ፣ በሁለት ሰው እጅ፣ ከኢንተርኔት በራቀ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። አንዱ ሰው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ያለ ቁልፍ እንደሌለ ቁጠሩት።

በመጨረሻ፣ ውሉ ላይ ስለ ማቆሚያው ግልጽ አድርጉ። አንድሮይድ በየወሩ የደኅንነት ማስታወቂያ ያወጣል፤ እናንተ በየወሩ አትደርሱበትም፣ ስለዚህ የምትችሉትን ብቻ፣ ለምሳሌ በየሦስት ወሩ፣ ብላችሁ ቃል ግቡ። ድጋፉ የሚያበቃበትን ቀን ጻፉ። መዝጋት ከመጣ ስንት ወር ቀድማችሁ እንደምትናገሩ፣ መረጃው እንዴት እንደሚወጣ፣ ስልኩ ወደ ፋብሪካው ሶፍትዌር እንዴት እንደሚመለስ በአማርኛ አንድ ገጽ አዘጋጁና ከመጀመሪያው ፕሮፎርማ ጋር አያይዙት። ሎጎ ላይ የቀረ ስልክ ይዞ ሞባይል ጥገና ቤት የሚሄደው የእናንተ ደንበኛ ስለሆነ፣ የመመለሻውን ፋይል እዚያ ላሉት ልጆችም ስጧቸው።